ውርጃ፣ ሕግና ሃይማኖት፦ «በአንድ ራስ ሁለት ምላስ» የሚለው ክስ መቼ ነው የሚያስኬደው?

መዝገቡ፦

በውርጃ ሕግ ላይ በሁለት ወገን የሚካሄድ ክርክር እንድመራ ተሰጥቶኛል። ርዕሱ ወጥነት ነው። ማን ትክክል ነው አይደለም የምንጠይቀው፤ ማን ከገዛ አቋሙ ጋር ይጣላል ነው። እስካሁን የሰበሰብኳቸው ክሶች ከመድረክ መድረክ ሲዞሩ የኖሩ፣ እጅ ሲነካቸው የሚፈርሱ ናቸው። «ለፅንስ ሕይወት ትጮሃላችሁ፣ የሞት ቅጣትን ግን ትደግፋላችሁ»፤ «ሰውነቴ የራሴ ነው ትላላችሁ፣ ክትባት ላይ ግን ግዴታ አላችሁ»። ይጨበጨባል፣ ማንም ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

እኔ የምፈልገው የሚከብዱትን ነው። ፅንስ ሙሉ ሰው ነው የሚል ሰው ተደፍራ ለፀነሰች ሲፈቅድ ይቃረናል ወይስ አይቃረንም? ሐኪሙን እስከ 99 ዓመት የሚያስር ሕግ ሴቲቱን ሳይነካ ሲያልፍስ? «የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር» የሚለው ሐረግ በተግባር የት ላይ ይሰናከላል? ሃይማኖቶቹስ እውነት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው ሲሉ የኖሩት? ከኢትዮጵያ ሕግ በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ይቀለኛል።

ችሎት፦

ወንድም መዝገቡ፣ ክሶቹን ከመመዘንህ በፊት ሦስት ጥያቄ ለያይ። ፅንሱ ምንድን ነው? ሰው ነው ከተባለ፣ ሴቲቱ በገዛ አካሏ ልታቆየው ግዴታ አለባት? አለባት ከተባለ፣ መንግሥት ያንን ግዴታ በእስር ያስከብረው? ተከራካሪዎች ሦስቱን ባንድ ትንፋሽ ይመልሳሉ፣ ከዚያ አንዱ መልስ ከሌላው ጋር ሲጋጭ «ግብዝ» ይባላሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ግብዝነት አይደለም፣ የተቀላቀለ መልስ ነው።

የመደፈሩን ጉዳይ እንውሰድ። ደጋፊው «የደፋሪ ልጅ ያን ያህል ሰው አይደለም» ካለ ነገሩ አልቆለታል፤ በአባት ወንጀል የልጅ ሰውነት አይጎድልም። «ሰው ነው፤ ግን እሷ ወዳ አልገባችበትም፣ ግዴታ የሚመነጨው ከፈቃድ ነው» ካለ ግን አልተቃረነም፣ የመለሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ነውና። ያኔም ቢሆን አትልቀቀው። ግዴታው ከፈቃድ የሚመነጭ ከሆነ ክልከላው የቆመው በፅንሱ ማንነት ብቻ አይደለም፣ በሴቲቱ አድራጎት ላይም ነው። መከላከያ እየወሰደች ያረገዘችውስ? «አደጋውን አውቃ ነው» ማለቱ አይቀርም። ልብ ብለህ ስማው እንግዲህ፦ ስለ ፅንስ መብት ሲናገር የነበረው ሰው አሁን የሚናገረው ስለ ሴት ጥንቃቄ ነው።

ከ1998 ጀምሮ የኤል ሳልቫዶር ሕግ እንዳደረገው ልዩ ሁኔታ የሚባል ጨርሶ የማይቀበለው ወገን በወጥነት ብቻ ከተመዘነ ይበልጣል። ወጥ መሆንና ልክ መሆን ግን የተለያዩ ናቸው። ይህን ለታዳሚው ከመነሻው ካልነገርከው ወደ ጥግ የሄደ ሁሉ ያሸንፍብሃል።

ሌላው የማስረጃ ጉዳይ ነው፣ በክርክር መድረክ ማንም አያነሣውም። እርግዝና 40 ሳምንት ነው፤ የመድፈር ክስ ተመርምሮ እስኪፈረድ ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ሕጉ የፍርድ ውሳኔ ከጠየቀ ፈቃዱ ወረቀት ላይ ይቀራል። የፖሊስ ማመልከቻ ከጠየቀ፣ ፈርታም አፍራም ያላመለከተችው ትቀራለች። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሌላ መንገድ ያዘ፦ በአንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት የተፀነሰን ማቋረጥ ፈቀደ፣ በአንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ ማስረጃ የሴቲቱ ቃል ብቻ ይበቃል አለ። ሁለቱንም ወገን እዚህ ላይ አቁማቸው። ልዩ ሁኔታውን እደግፋለሁ የሚለው «ቃሏ አይበቃም» ካለ፣ ምን ይበቃል? በስንት ሳምንት ውስጥ? ሕጉን የሚያሞግሰው ደግሞ ቃሏ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ በሌላ ምክንያት ከምትፈልገው ሴት በምን እንደሚለያት ይናገር፤ ካልለያትስ ለምን ምክንያቱን ጨርሶ አያነሣውም?

የቅጣቱ ነገር። የጠቀስከው የአሜሪካዋ የአላባማ ግዛት የ2019 ሕግ ነው መሰለኝ። ለሐኪሙ ከ10 እስከ 99 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ይላል፣ ሴቲቱን አይጠይቅም። ገንዘብ ከፍሎ ነፍሰ ገዳይ የቀጠረ ሰው በየትም አገር ነፃ ስለማይወጣ ክሱ ከባድ ነው። «እሷም ተጎጂ ናት» የሚለው መልስ የሚሠራው ተገድዳ ላስወረደችው ነው እንጂ አስባበት ለወሰነችው አይደለም። «ሐኪሙ ላይ እንድትመሰክር ነው» የሚለው የዐቃቤ ሕግ ስልት እንጂ የሞራል መልስ አይባልም። ውኃ የሚያነሣው «ጥፋት ሁሉ በእስር አይመለስም» የሚለው ነው። ግን እሱን ያለ ሰው ሐኪሙን 99 ዓመት ለምን እንደሚያስር ደግሞ ይጠየቃል።

ሦስቱን ጥያቄ ለያይቶ የመለሰ ሕግ ማሳየት ከፈለግህ ጀርመን አለችልህ። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቷ በ1975ም በ1993ም ፅንስ የሕይወት መብት አለው ብሏል። በ1995 የወጣው ሕግ ግን ምክር ተቀብላ ቢያንስ 3 ቀን የቆየች ሴት እስከ 12 ሳምንት ድረስ በሐኪም ብታቋርጥ አትቀጣም ይላል፤ ድርጊቱ ግን ሕጋዊ ሆነ አይልም። መጀመሪያ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ፍርድ ቤቱ ግን ምክንያቱን አስረድቷል፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፅንስን ማዳን የሚቻለው ሴቲቱን ከጎን አሰልፎ እንጂ ተቃርኗት አይደለም።

የማዋለጃ ክፍል፦

«የእናት ሕይወት» ወደሚለው ሐረግ ከመግባቴ በፊት ስለ ሳምንት ልበል፣ ግማሹ ጭቅጭቅ ከዚህ ነው የሚመጣው። እርግዝና የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ፅንሰቱ የሚሆነው 14ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ «የ2 ሳምንት እርጉዝ» ማለት ገና አልፀነሰችም ማለት ነው። የወር አበባዋ መምጣት ባለበት ቀን ስትቀር 4 ሳምንት ሆናታል። ስለዚህ የ6 ሳምንት ገደብ በ28 ቀን ለምትቆጥር ሴት ከቀረባት በኋላ 14 ቀን ብቻ ይተውላታል። ዑደቷ የሚዛባባት ማርገዟን ሳታውቅ ሊያልፋት ይችላል።

በዚያ ሳምንት በብልት በኩል በሚገባ አልትራሳውንድ የሚታየው ምት፣ ጥቂት ሚሊሜትር በሆነ ሽል ውስጥ ያለ የልብ ቱቦ እንቅስቃሴ ነው። አራት ክፍል ያለው ልብ ገና አልተሠራም። ይህ «የልብ ምት ሕግ» የሚለውን ሰው ክርክር አያፈርስበትም፣ ግን ጥያቄ ያመጣበታል። መመዘኛው ፅንሰት ከሆነ 4 ሳምንት ዘግይቷል፤ ሕመም መሰማት ወይም ማሰብ ከሆነ ደግሞ በወራት ቀድሟል። ታዲያ ለምን እዚያ ላይ?

ከማህፀን ውጭ እርግዝና የወጥነት ዋና ፈተና ነው፣ አትዝለለው። ከ100 እርግዝና 1 ወይም 2 እንዲህ ይሆናል፤ ከእነዚህ ከ10 ዘጠኙ በላይ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ቱቦ እንደ ማህፀን አይሰፋም። ሲፈነዳ ሆድ ውስጥ ይደማል፣ ሴቲቱ በሰዓታት ልትሞት ትችላለች። ከቱቦ አውጥቶ ማህፀን ውስጥ መትከል የሚባል ሕክምና የለም፤ በ2019 በኦሃዮ የቀረበ ረቂቅ እንዳለ አድርጎ ጽፎት ነበርና ተከራካሪ ሊጠቅሰው ስለሚችል ነው የማነሣው።

ሕክምናው ሦስት መንገድ አለው። አንዱ ሜቶትሬክሴት የሚባል፣ የሽሉን እድገት የሚያቆም መድኃኒት ነው፦ ደም ያልፈሰሳትና ግፊቷ የተረጋጋ ሴት በሰውነት ስፋት ሂሳብ 50 ሚሊግራም በስኩዌር ሜትር በመርፌ ትወስዳለች፣ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን የእርግዝና ሆርሞኗ ይለካል፣ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 15 በመቶ ካልወረደ መድኃኒቱ አልያዘም ማለት ነው። ሁለተኛው ቱቦውን ሰንጥቆ ሽሉን ማውጣት። ሦስተኛው ቱቦውን ከነሽሉ ቆርጦ ማውጣት።

በካቶሊክ ሥነ ምግባር «ድርብ ውጤት» የሚባል መርሕ አለ፦ በጎ ሥራ ስትሠራ ሳትፈልገው የሚከተል ክፉ ውጤት ሊፈቀድ ይችላል፣ ክፉውን ግን እንደ መንገድ መጠቀም አይፈቀድም። በዚህ መሠረት ቱቦውን ማውጣት የታመመ አካል ማውጣት ስለሆነ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይፈቅዱታል። መርፌውና መሰንጠቁ ግን በቀጥታ ሽሉ ላይ ይሠራሉ ተብሎ እስከ ዛሬ ያከራክራሉ። በሦስቱም መንገድ ሽሉ አይተርፍም። የሚለየው ሴቲቱ ከቱቦዋ ጋር ትወጣለች ወይስ ያለ ቱቦዋ የሚለው ነው። መርሑን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ይህን ዋጋ ጮክ ብሎ እንዲናገረው ጠይቀው። የተናገረው ሰው ቢያንስ አይደበቅም።

አሁን ወደ ሐረጉ። በ17 ሳምንት የሽርት ውሃ ፈሰሰ እንበል። የፅንሱ ልብ ይመታል። ከማህፀን ውጭ የመኖር ዕድል የሚታሰበው ከ22 እስከ 24 ሳምንት አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ስለዚህ ውርጃው የማይቀር ነው። ማህፀኑ ግን ክፍት ነው፣ ተህዋስ ይገባል። ትኩሳቷ 38 ሲያልፍ፣ የልብ ምቷ ከ100 ሲበልጥ፣ ፈሳሹ መሽተት ሲጀምር ኢንፌክሽኑ ገብቷል። ከዚያ ወደ ደም ከተዛመተ ግፊቷ የሚወርድበትና ኩላሊቷ የሚሰንፍበት ጊዜ በቀን አይቆጠርም፣ በሰዓት ነው። «ሕይወቷ አደጋ ላይ» የምትሆነው ውሃው ሲፈስ ነው? ትኩሳቱ ሲጀምር? ግፊቷ ሲወርድ? ሕጉ ቁጥር አይሰጥም። ሐኪሙ ግን ፈጥኖ ቢሳሳት እስር አለበት፣ ዘግይቶ ቢሳሳት ሬሳ።

አየርላንድ ይህን በሰው ሕይወት አየችው። በጥቅምት 2012 በጎልዌይ የ17 ሳምንት እርጉዝ የነበረች ሴት በሆስፒታል ተኝታ እርግዝናው እንዲቋረጥላት ጠየቀች። ምት አለ ተብሎ ተከለከለች፣ በኢንፌክሽን ሞተች። በ1983 ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባው ማሻሻያ የእናትንና የፅንስን የሕይወት መብት እኩል ያደርግ ነበር። ማሻሻያው በ2018 በሕዝበ ውሳኔ በ66.4 በመቶ ድምፅ ተሻረ። እናት እንድትሞት የፈለገ ማንም አልነበረም፤ ሕጉም ሕይወቷን ለማትረፍ ይፈቅድ ነበር። ችግሩ «ሕይወት» ብሎ «ጤና» አለማለቱ ላይ ነው። ስለዚህ ተከራካሪህን «የእናትን ሕይወት ታስቀድማለህ?» ብለህ አትጠይቀው፣ ሁሉም አዎ ይላል። «ትኩሳት 38.2፣ ግፊት ደህና፣ ምት አለ፤ አሁን ምን ይደረግ?» በለው።

አንድምታ፦

«ሃይማኖት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው ያለው» የሚለውም «ትናንት የፈጠሩት ነው» የሚለውም አላነበበም። ኃጢአት መሆኑ ላይና ነፍስ ግድያ መሆኑ ላይ የተሰጠው መልስ ለየብቻ ይታይ።

በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው ምዕተ ዓመት በግልጽ ጽፏል፦ አውቃ ፅንሷን ያጠፋች በነፍስ ግድያ ትጠየቃለች፣ ቅርፅ ይዞ ነበር አልያዘም የሚለውን ማጥራት እኛ ዘንድ የለም። ከዚያ ንስሐውን ይመድባል፣ 10 ዓመት። ያው ባስልዮስ ወዶ ሰው ለገደለ 20 ዓመት፣ ሳይወድ ለገደለ 10 ዓመት ነው የሚያዘው። በስሙ ግድያ አለው፣ በቅጣቱ ግን ግማሽ አደረገው። ከእርሱ በፊት በ314 የዕንቆራ (የዛሬዋ አንካራ) ጉባኤም እስከ ሞት የነበረውን ውግዘት ወደ 10 ዓመት ያወረደው ርኅራኄን ጠቅሶ ነው። ችሎት የለያቸው ሦስት ጥያቄዎች አዲስ እንዳይመስሏችሁ፣ አባቶች ጥፋቱንና ቅጣቱን ከጥንት ለያይተው አይተዋል።

ዘጸአት 21፥22 ሁለቱም ወገን የሚጎትተው ጥቅስ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ እርጉዝ ገፍተው ብታስወርድ ይላል። በዕብራይስጡ ጉዳት ካልደረሰ ካሳ፣ ከደረሰ ሕይወት በሕይወት ነው፤ ጉዳቱ የማን እንደሆነ፣ የእናት ይሁን የልጅ፣ አይለይም። ሰባው ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት ግን «ቅርፁ ካልተሣለ» ካሳ፣ «ከተሣለ» ነፍስ በነፍስ አሉት። ከዚያች አንዲት ቃል ልዩነት ነው የተሣለና ያልተሣለ ፅንስ የሚለው ክርክር በክርስቲያኑ ዓለም መሠረት ያገኘው። ኤርምያስ 1፥5ን የሚጠቅስ ካለ ደግሞ ጥቅሱ «በሆድ ሳልሠራህ» እንደሚል አስታውሱት፤ ከፅንሰት በፊት ስላለ የእግዚአብሔር ዕውቀት ነው የሚናገረው፤ ለክርክሩ ከሚፈለገው በላይ ያስረዳል።

በምዕራብ ቶማስ አኲናስ አሪስጣጣሊስን ተከትሎ ነፍስ የሚዘራው ዘግይቶ ነው ይል ነበር፤ አሪስጣጣሊስ ለወንድ 40፣ ለሴት 90 ቀን ገደማ ብሎ ነበር። አኲናስ ከዚያ በፊትም ቢሆን ማስወረድን ኃጢአት ብሎታል፣ ግድያ ግን አላለውም። በ1588 ጳጳሱ ሲክስቱስ አምስተኛ ልዩነቱን ሽረው በሁሉም ላይ ውግዘት ጣሉ፤ 3 ዓመት ሳይሞላ በ1591 ጎርጎርዮስ አሥራ አራተኛ ቅጣቱን ነፍስ ለተዘራበት ብቻ መለሱት፤ በ1869 ፒዮስ ዘጠነኛ ልዩነቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሻሩት፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ቫቲካን በ1974 ያወጣችው መግለጫ ነፍስ መቼ እንደሚዘራ አልወሰነም። የሚለው፦ ሰው ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ብቻውን ይበቃል። ቁጥቋጦ ሲንቀሳቀስ ያየ አዳኝ ሰው ይሁን አውሬ ሳያጣራ አይተኩስም እንደማለት ነው። ይህን ክርክር «ነፍስ መቼ እንደምትገባ አታውቁም» ብሎ ማፍረስ አይቻልም፣ የቆመው ባለማወቅ ላይ ነውና። መግፋት ከተፈለገ «ጥርጣሬው ምን ያህል ሲሆን ነው የሌላን ሰው አካል ለ9 ወር ማስገደድ የሚያስችለው?» ተብሎ ነው።

በእስልምና መሠረቱ ኢብን መስዑድ ያስተላለፉት ሐዲስ ነው፦ 40 ቀን፣ 40 ቀን፣ 40 ቀን፣ ከዚያ ሩሕ (ነፍስ) ይነፋበታል፤ ድምሩ 120 ቀን። ከ120 በኋላ የእናትን ሕይወት ለማዳን ካልሆነ መከልከሉ ላይ ዑለማው ተስማምተዋል። ከዚያ በፊት ግን መዝሀቦቹ (የሕግ ትምህርት ወገኖቹ) ይለያያሉ፤ ከሐነፊዎች ብዙዎቹ በቂ ምክንያት ካለ ይፈቅዳሉ፣ በማሊኪዎች ዘንድ የሚመዘነው አስተያየት ከመነሻው ይከለክላል፣ ሻፊዒና ሐንበሊ ውስጣቸው ይከፋፈላል። በ1990 መካ የተሰበሰበው የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ጉባኤ ፅንሱ ከባድ የአካል ጉድለት እንዳለበት የሐኪሞች ቡድን ካረጋገጠ ከ120 ቀን በፊት ፈቅዷል። 120 ቀን ከፅንሰት ነው የሚቆጠረው፣ በሐኪም ቤት አቆጣጠር 19 ሳምንት ይሆናል። የክርስቲያን ተከራካሪ «ሃይማኖተኛ ሁሉ ከእኔ ጋር ነው» ሲል ይህን አሳየው።

በአይሁድ በኩል ሚሽና የሚባለው ጥንታዊ የሕግ ስብስብ በምጥ የተጨነቀች እናት ሕይወት ቅድሚያ አለው፣ ሽሉ ማህፀን ውስጥ እያለ ተቆራርጦ ሊወጣም ይችላል ይላል፤ አብዛኛው ክፍል ከወጣ ግን አይነካም፣ ነፍስ ስለ ነፍስ አይገፋምና። ታልሙድ ደግሞ እስከ 40 ቀን «ውኃ ብቻ» ይለዋል። እዚህ ላይ እናትን ማስቀደም ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ክልከላ ለዚያ አማኝ የሃይማኖት ነፃነት ጥያቄ ይሆንበታል።

ስለ ፕሮቴስታንቱ አጭር ነገር፦ የአሜሪካ ደቡባዊ ባፕቲስቶች በ1971 ባሳለፉት ውሳኔ በመደፈር፣ በዘመዳሞች ግንኙነት፣ በከባድ የፅንስ ጉድለትና በእናት የአካል፣ የአእምሮና የስሜት ጤና ምክንያት ውርጃ የሚፈቅድ ሕግ እንዲወጣ ጠይቀው ነበር። በ1980 ተገለበጡ። መጽሐፍ ቅዱሱ በእነዚያ 9 ዓመታት አልተቀየረም።

መዝገቡ፦

ከጠበቅሁት በላይ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። እስካሁን አብዛኛው ፈተና የወረደው በከልካዩ ወገን ላይ ነው፤ የፈቃጁ ወገን ድክመት የት ነው? ሌላው፣ በላብራቶሪ ስለሚዘጋጁት ሽሎች የሚጠቅመኝ ካለ።

ሳይሸነግል፦

የፈቃጁን ወገን ልውሰድ፣ እኔ ራሴ ከዚያ ብሆንም።

መጀመሪያ የሚጣለው «ውርጃ መከልከል የሃይማኖት ጉዳይ ነው» የሚለው ነው። ስታሊን በ1936 ከለከለው፣ ቻውሼስኩ በ1966 በአዋጅ 770 ከለከለው። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን የሚያሳድዱ መንግሥታት ነበሩ፤ የፈለጉት የሕዝብ ቁጥር ነው። በሩማንያ አዋጁ በታኅሣሥ 1989 ሲሻር የእናቶች ሞት በአንድ ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወረደ፤ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ግን የሚያስረዳው ክልከላ ምን እንደሚያስከትል ነው እንጂ ከሃይማኖት መምጣቱን አይደለም። በሌላ በኩል ፈላስፋው ዶን ማርኲስ በ1989 ያቀረበው ተቃውሞ ነፍስ የሚል ቃል የለበትም፦ መግደል ክፉ የሆነው ተገዳዩ ወደፊት ሊኖረው የነበረውን ሕይወት ስለሚነጥቀው ነው፣ ፅንስም ያ አለው። ይህን የማይመልስ ፈቃጅ «ሃይማኖታችሁን አትጫኑብን» ብሎ ማምለጥ አይችልም።

ሁለተኛው የ24 ሳምንት ገደብ ነው። «አካሏ የራሷ ነው» ሙሉ ክርክር ከሆነ ገደብ አያስፈልገውም። ገደቡ «ከማህፀን ውጭ መኖር ሲችል» ከሆነ ደግሞ መኖር መቻሉ በማሽን ይወሰናል፤ በ23 ሳምንት የተወለደ ሕፃን የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ባለበት ከተማ ሊተርፍ ይችላል፣ በሌለበት አይችልም። አምቡላንስ ተሳፍራ ስትሄድ በመንገድ ላይ የፅንሱ ክብር ተለወጠ እንዴ? የሚያዋጣው መልስ እርግዝናን ማቋረጥና ፅንስን መግደል ይለያያሉ የሚለው ነው፦ መብቷ ከአካሏ እንዲወጣ ነው፣ መኖር ሲችል ደግሞ መውጣት ማለት መውለድ ነው። ይህን መልስ የሚሰጥ ሰው ግን ሰው ሠራሽ ማህፀን ከተሠራ በ10 ሳምንትም ውርጃ የሚባል መብት አይኖርም ማለቱ እንደሆነ ይወቅ። አብዛኞቹ ሲነገራቸው ይደነግጣሉ። ያለ ገደብ የሄደችው ካናዳ ናት፣ በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ሕጉን ከጣለ ወዲህ ውርጃ ላይ የወንጀል ሕግ የላትም፤ ጉዳዩን ለሐኪምና ለሙያ ደንብ ትታዋለች።

የአካል ክርክር ጠንካራ ጎኑ ሌላ ቦታ ነው። በ1978 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሊሞት የተቃረበ ሰው የአጥንት መቅኒ የሚስማማለት የአጎቱ ልጅ እንዲሰጠው በፍርድ ቤት ጠየቀ። ዳኛው እምቢታውን በሞራል አወገዙት፣ አስገድደው ግን መቅኒ አላስቀዱም። ታማሚው ሞተ። ከሬሳ እንኳ ያለ ፈቃድ ኩላሊት የማይወሰድባቸው አገሮች አሉ። «ሰው ነው» የሚለውን ብትቀበልለት እንኳ የሚቆም ክርክር ይህ ነው። ተቃዋሚው «የአጎት ልጅ ከልጅ ይለያል» ይላል፣ ትክክልም ነው፤ ወላጅ ልዩ ግዴታ አለበት። ግን አባት ለተወለደ ልጁ ደም እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ አምጣ በለው።

«ከተወለደ በኋላ ለልጁ ግድ የላችሁም» የሚለውን ግን ከዝርዝርህ ሰርዘው። ሰው ድርጎ ስላልሰጠኝ ልጄን መግደል አይፈቀድልኝም። ክሱ የሰዎቹን ጠባይ ይነካል፣ ክርክራቸውን አይነካም። የሞት ቅጣቱም እንዲሁ ነው፤ «ንጹሕና ጥፋተኛ ይለያያሉ» ብሎ ይወጣል። ልዩነቱን ያልተቀበሉም አሉ፦ ካርዲናል በርናርዲን በ1983 ውርጃን፣ የሞት ቅጣትንና የኑክሌር ጦርነትን ባንድ ሚዛን ያስቀመጠ አቋም አቀረቡ፣ በ2018 ደግሞ ጳጳስ ፍራንሲስ የሞት ቅጣት በምንም ሁኔታ ተቀባይነት የለውም ብለው ትምህርተ ክርስቶሱን አስተካከሉ።

ችሎት፦

ስለ ላብራቶሪ ሽል። መውለድ ለተቸገሩ በሚደረግ አንድ ዙር ሕክምና ብዙ እንቁላል ይወጣል፣ ከአንድ በላይ ሽል ይዘጋጃል፣ የተረፈው ይቀዘቅዛል ወይም ይጣላል። ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል የሚለው ሕግ ይህን ካልነካ ጥያቄ አለበት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1987 ሕክምናውን ራሱን ስለተቃወመች ከክሱ ነፃ ናት። አላባማ ግን ተጠመደች፦ በየካቲት 2024 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀዘቀዘ ሽል በሕጉ «ልጅ» ነው አለ፣ አንዳንድ ክሊኒኮች ሕክምናውን አቆሙ፣ በመጋቢት ምክር ቤቱ ለክሊኒኮቹ ያለመጠየቅ ከለላ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ልጅ መሆኑን አልሻረም። ልጅ ነው፣ ቢጠፋ ግን ክሊኒኩ አይጠየቅም ማለት ነው።

ጀርመንም ከዚህ አላመለጠችም። የ1990 የሽል ጥበቃ ሕጓ በላብራቶሪ ያለውን ሽል በጥብቅ ይጠብቃል፣ የውርጃ አንቀጿ ግን በማህፀን ተተክሎ እስኪያበቃ ድረስ የሚሠራ ነገርን ከውርጃ አይቆጥረውም። ሳህን ላይ ያለው ከማህፀን ካለው ይልቅ ተከብሯል።

የማዋለጃ ክፍል፦

ወንድሜ ችሎት፣ አንድ እርማት፤ መዝገቡ ሰንጠረዥ ሠርቶ ከማሰራጨቱ በፊት። የጀርመን 12 ሳምንት የሚቆጠረው ከፅንሰት ነው። በሐኪም ካርድ ላይ 14 ሳምንት ተብሎ ነው የሚጻፈው። የአየርላንድ 12 ሳምንት ግን ከወር አበባ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን «12» ብለህ ካስቀመጥህ የ2 ሳምንት ስህተት አለብህ። ከእያንዳንዱ አገር ቁጥር አጠገብ «ከወር አበባ» ወይም «ከፅንሰት» ብለህ ጻፍ፣ ያልተጻፈበትን ሕግ ደግሞ መነሻውን ሳታጣራ አታስገባው።